ደቻቱ ከመውረዱ በፊት፦ ለድሬዳዋ ቤተሰብና ሰፈር የጎርፍ ዝግጅት

ድሬዳዋ ላይ ጎርፍ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከከተማዋ ሰማይ አይደለም። ዝናቡ የሚጥለው በስተደቡብ፣ በደንገጎና ከዚያ በላይ ባለው የምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ነው። ውኃው ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ተነስቶ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ወደተቀመጠችው ከተማ በአጭር መንገድ ተንደርድሮ ይወርዳል። ድሬ ያለ ሰው ከዋክብት እያየ በራፉ ላይ ጎርፍ ሊደርስበት ይችላል። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ቀን ደረቅ አሸዋ ሆኖ ስለሚከርም ሰው መንገዱ፣ ገበያው፣ ኳስ ሜዳው ያደርገዋል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን ይኸው አሸዋ ሰው በተኛበት ሰዓት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትን ከቤታቸው አፈናቀለ።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በሁለት ነገር ላይ የቆመ ነው። አንደኛ፣ ከእንቅልፉ በድንጋጤ የነቃ ሰው ምንም አዲስ ነገር መወሰን የለበትም፤ የሚወሰነው ሁሉ ቀን፣ በደረቁ ወቅት ተወስኖ ያልቃል። ሁለተኛ፣ ማንም ማንንም ፍለጋ ወንዙን አያቋርጥም።

መቼ ይጀመር

ብዙ ሰው ጎርፍን ከክረምት ጋር ብቻ ያያይዛል። በድሬ ግን የበልጉም ዝናብ ይገድላል፤ በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የታየው ይኸው ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታደሳል፦ የካቲት መጨረሻ ላይና ሰኔ አጋማሽ ላይ። ሁለቱን ቀን ከእድሩ ወይም እንደ እድር ከሆነው ከአፎሻው ወርኃዊ ስብሰባ ጋር ግጠሙት። ለብቻው የሚጠራ የጎርፍ ስብሰባ ሰው አይሞላውም፤ እድሩ ላይ ግን የቀረ ይቀጣል።

ቤታችሁ የት ነው ያለው?

በደረቁ ወቅት፣ አንድ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከቤታችሁ ተነስታችሁ እስከ ወንዙ ዳር በእግራችሁ ሂዱ። ደቻቱን ብቻ አትዩ፤ የጎሮና የቡቲጂ ወንዞችም አሉ፣ ስም የሌላቸው ትንንሽ ቦዮችም አሉ። ቤትን የሚያጠቃው ብዙ ጊዜ ትልቁ ወንዝ ሳይሆን፣ ወንዙ ሲሞላ መውጫ አጥቶ ወደኋላ የሚመለሰው የሰፈር ቦይ ነው።

የምትፈልጉት ይህን ነው፦ በአሮጌ የድንጋይ ግንብ ላይ የቀረ የደለል መስመር፤ አጥር ወይም የዛፍ ግንድ ላይ ተጠምጥሞ የደረቀ ቆሻሻ፤ መሠረቱ ተሸርሽሮ የተንጠለጠለ ግድግዳ። ከዚያ በሰፈሩ ረጅም ጊዜ የኖሩ እናቶችንና አባቶችን «በ98ቱ ውኃው እስከየት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጣታቸውን የሚቀስሩበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ያ መስመር ከወገባችሁ በላይ ከሆነ ቤቱ ውስጥ ቆይቶ መትረፍ የሚባል ሐሳብን ከወዲሁ ተዉት፤ ያላችሁ ምርጫ መውጣት ብቻ ነው።

ወንዙ ዳር የተሠራው ግንብና ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ የድንጋይ ክምር) ከኋላው ላለ ቤት ትልቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን ግንብ አለ ብሎ መተኛት ሌላ ነው። ጋቢዮን የሚፈርሰው ውኃ በላዩ ሲዘል ብቻ አይደለም፤ ሥሩ ያለው አሸዋ ሲሸረሸርም ይወድቃል። ከግንቡ ሥር አሸዋ የሚዝቅ ወይም ሽቦውን የሚቆርጥ ሰው ካያችሁ ዝም አትበሉ፣ ለቀበሌ ንገሩ። የጋቢዮን ሽቦ ለዶሮ ቤት ጥሩ ነው የሚሉ አሉ፤ ዶሮዋም አብራ ነው የምትሄደው።

መውጫ መንገድ፦ በራሳችሁ ዳር

ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ የከዚራን ሰፈር ከመጋላ ይለያል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ደግሞ በሁለቱም ዳር ሰው አለው፦ አባት ቀፊራ ገበያ፣ ልጅ ከዚራ ትምህርት ቤት፣ አያት ለገሃር። ጎርፍ ሲመጣ የሰው ልብ ወደ ልጁ ይሮጣል፣ ብዙ ሰው የሚወሰደውም እዚያ መሻገሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁለት መሰብሰቢያ ይኑረው፤ አንዱ ከዚራ በኩል፣ አንዱ መጋላ በኩል። ውኃ ሲመጣ ሁሉም ባለበት ዳር ወዳለው መሰብሰቢያ ይሄዳል፣ እዚያው ያድራል። ይህ ከልጆቹም ጋር ይነገር፦ «አባባ ሊፈልግህ አይመጣም፤ አንተም አትፈልገው፤ ጠዋት እንገናኛለን።» ጨካኝ ይመስላል። ልጁ ግን እንደማይፈለግ ሳይሆን የት እንደሚገኝ የሚታወቅ መሆኑን ካወቀ ባለበት ይቆያል።

መሰብሰቢያው ሦስት ነገር ያሟላ፦ ከ98ቱ የውኃ መስመር በግልጽ ከፍ ያለ፤ ከቤታችሁ በእግር ቢበዛ 10 ደቂቃ፤ መንገዱ ላይ ቦይ የማያሻግር። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከዚያ ወደዚያ ቦታ የሚወስዱ ሁለት የተለያዩ መንገዶችን በማታ፣ በእጅ ባትሪ ብቻ፣ ከሽማግሌና ከሕፃን ጋር ሄዳችሁ ሰዓት ያዙ። ቀን 6 ደቂቃ የፈጀ መንገድ ጨለማና ጭቃ ሲጨመርበት እጥፍ ይሆናል።

ትምህርት ቤት፣ መስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ግቢ መጠለያ እንዲሆን ከታሰበ ሌሊት ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚያድር አሁን ጠይቁ። ቁልፉ የሚያድረው ወንዝ ማዶ ከሆነ መጠለያ የላችሁም። ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጹና በግቢው አቅራቢያ ለሚኖር ሰው አስረክቡ። በመጠለያ ውስጥ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር ቢያንስ ያስፈልጋል፤ 7 በ8 ሜትር የሆነ የመማሪያ ክፍል 16 ሰው ይይዛል ማለት ነው። ሰፈሩ 300 ሰው ካለው አንድ ክፍል ከፍቶ «ተዘጋጅተናል» ማለት አይሠራም። መጸዳጃ ቤቱ ለሴቶችና ለወንዶች የተለየ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ማታ መብራት ያለው ይሁን።

ማን ያስጠነቅቅ፣ በምን?

ወንዝ ዳር ቀለም የተቀባ እንጨት ተክሎ ውኃው ሲጨምር ማየት በሌላ አገር ይሠራል፤ ቀስ ብሎ ለሚሞላ ወንዝ ነው። ደቻቱ ግን ግንባሩን ቀጥ አድርጎ፣ ድንጋይና ግንድ እየገፋ ነው የሚመጣው። እንጨቱ ላይ ያለው ጠባቂ ምልክቱን ባየበት ቅጽበት ውኃው ደርሶበታል። ስለዚህ ዓይናችሁ ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው ይሁን።

የሰፈሩ ኮሚቴ ከላይ በኩል የሚኖሩ ቢያንስ ሦስት ሰዎችን ስልክ ይያዝ፤ ዘመድ፣ ነጋዴ፣ የጫት ገበሬ፣ ማንም ይሁን። ከሐረር ወደ ድሬ የሚመላለሱ የሚኒባስና የጭነት መኪና ሾፌሮችም አሉ። ደንገጎን ሲያልፉ ዝናቡን በዓይናቸው ያዩታል፣ መኪናው ጣሪያ ላይ ሲወርድም ይሰሙታል። ከእነሱ የምትፈልጉት ረጅም ወሬ አይደለም። «ከባድ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል» የምትል አንዲት ጥሪ ትበቃለች። ሦስት ሰው የሚያስፈልገው አንዱ ኔትወርክ ሲያጣ፣ አንዱ ሲተኛ፣ አንዱ ስለሚቀር ነው። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ከባድ ዝናብ ሲተነብይም ለእነዚህ ሰዎች ቀድማችሁ ደውሉላቸው።

ደጋው ላይ ደመና በጠቆረበት፣ መብረቅ በሚታይበት ምሽት ጥበቃ ይቁም፦ ሁለት ሁለት ሰው፣ ሦስት ሦስት ሰዓት በተራ። ከሰዓት የቃመ ሰው ሌሊት እንደማይተኛ ድሬ የሚያውቀው ነው፣ በዚህ ተማምኖ ተራ የማያወጣ ሰፈርም አይጠፋም። ምርቃና ግን እስከ ንጋት አይዘልቅም፤ ተራው በወረቀት ይጻፍ። ጠባቂዎቹ ከወንዙ ውስጥ ሳይሆን ከዳሩ ራቅ ብለው ይቁሙ። ከባድ መኪና ከሩቅ እንደሚመጣ ዓይነት ጉርምርምታ፣ ድንገት የሚነፍስ ቀዝቃዛ የጭቃ ሽታ ያለው ነፋስ፣ ወይም በአሸዋው ላይ ቀጭን ቡናማ ውኃ ጭራሮ ይዞ ሲመጣ ካዩ ማረጋገጫ አይጠብቁ። ያስጩሁ።

በምን ያስጩሁ? የእድር ጥሩምባ በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ አንድ ችግር ግን አለበት፦ ሰው ጥሩምባ ሲሰማ «ማን ሞተ?» ብሎ ልብሱን ለብሶ ቀስ ብሎ ይወጣል። ለጎርፍ የተለየ ድምፅ ያስፈልጋል። ፊሽካ ርካሽ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ውኃ ሲያጉረመርምም ቀጥኖ ይሰማል። ሦስት ረጅም ፉጨት፣ ትንሽ ዕረፍት፣ እንደገና ሦስት፤ ሰፈሩ እስኪነቃ ድረስ አይቋረጥ። የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ከሁሉም ርቆ ይሰማል፣ ግን መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል፤ መብራት ደግሞ የሚጠፋው በእንዲህ ያለው ሌሊት ነው። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ የእጅ ድምፅ ማጉያ በእድሩ ገንዘብ ይገዛ፤ ባትሪዎቹ ከመሣሪያው ወጥተው በአጠገቡ ይቀመጡ። በድሬ ሙቀት ውስጡ የተተወ ባትሪ ፈሳሹን ያወጣና መሣሪያውን ይበላዋል።

ቃሉ አጭር ይሁንና በሰፈሩ ቋንቋዎች ሁሉ ይነገር። «ጎርፍ»፣ በኦሮምኛ «ሎላ»፣ በሶማልኛ «ዳድ»። ማስጠንቀቂያውን እያንዳንዱን ቋንቋ አፉን በፈታበት ሰው አስቀድማችሁ በስልክ ቅረጹት፤ በጥድፊያ የተተረጎመ ቃል ያደናግራል።

ስም በስም

ፉጨቱን ሰምተው የማይወጡ ሰዎች አሉ። ዝርዝራቸው በአንድ ገጽ ወረቀት ይያዝ፦ መስማት የተሳናቸው፣ መራመድ የማይችሉ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አራስ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ ወላጆቻቸው ሌሊት ሥራ የሚያድሩ ልጆች። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጎረቤት ይመደብ፤ ሁለት የሆነው አንዱ በዚያ ሌሊት ባይኖር ሌላው እንዲኖር ነው። መራመድ የማይችል ሰውን የሚሸከሙት ግን ሁለት ሳይሆኑ አራት ሰዎች ናቸው፤ በወፍራም ብርድ ልብስ ወይም በእድሩ ቃሬዛ። አንድ ጊዜ በደረቁ ተሸክማችሁ ሞክሩት፤ በጠባብ ኮሪደር ቃሬዛው እንደማይዞር የሚታወቀው ያኔ ነው።

ከዝርዝሩ የሚረሱ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንዱ አዲስ ተከራይ ነው፤ ከሌላ ከተማ መጥቶ ደረቅ አሸዋውን ያየ ሰው ወንዝ መሆኑንም ላያምን ይችላል። አከራዩ ቁልፍ ሲያስረክብ መውጫውንም ያሳየው። ሌላው አሸዋው ላይ ወይም ከድልድይ ሥር የሚያድር ሰው ነው፤ የጎዳና ልጆች፣ ከገጠር ሸቀጥ ይዘው መጥተው ገበያ ዳር የሚያድሩ። ጠባቂዎቹ ደመና በጠቆረበት ምሽት መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ እነሱ ይሁን።

ቤት ውስጥ፦ በር፣ መስኮት፣ መብራት

በርን የሚያህል ነገር የለም። ውኃው በደጅ ግማሽ ሜትር ሲደርስ፣ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው በር ላይ የሚያርፈው ግፊት ከ100 ኪሎ ይበልጣል። ወደ ውጭ የሚከፈት በር በዚያን ጊዜ አይገፋም፤ ወደ ውስጥ የሚከፈተው ደግሞ ሲከፈት ውኃውን ይዞባችሁ ይገባል። ከሁለቱም ማምለጫው አንድ ነው፦ ውኃው ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ መውጣት። የጓጉንቸር ቁልፉ ማታ ማታ በሩ አጠገብ፣ ልጅም በሚደርስበት ምስማር ላይ ይንጠልጠል፤ ትራስ ሥር አይደር። የብረት ፍርግርግ ካላቸው መስኮቶች አንዱን ብየዳ ቤት ወስዳችሁ በማጠፊያ የሚከፈት አድርጉት። ሌባን የሚከለክል ፍርግርግ ባለቤቱንም ይከለክላል።

ጭቃ ቤት ጣሪያ ላይ መውጣት የመጨረሻው መጨረሻ ነው። ጭቃ ሲርስ ግድግዳው ይሟሟል፣ ድንጋዩም በጭቃ የተያያዘ ከሆነ እንዲሁ፤ ቆርቆሮው ከነሰዎቹ ይወርዳል። የብሎኬት ቤትና ፎቅ ያለው ጎረቤት ካለ ከአሁኑ ተነጋገሩ፤ ደረጃው ሌሊት ክፍት እንዲሆን።

መብራት፦ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር ከ12 ዓመት በላይ ያለ የቤቱ ሰው ሁሉ ማጥፋት ይወቅ። የሚጠፋው እግር ደረቅ ሳለ ብቻ ነው። ውኃ ውስጥ ቆሞ ብሬከር መንካት ጎርፉ ያልገደለውን ሰው ይገድላል። የማከፋፈያ ገመድና ሶኬት ከወለል 1 ሜትር በላይ ይውጣ። የጋዝ ሲሊንደር ከሆነ ቫልቩን ዝጉ፣ በሰንሰለት ግድግዳው ላይ እሰሩት፤ ያልታሰረ ሲሊንደር ይንሳፈፋል፣ ቱቦውን ይበጥሳል። ፍየልና በግ ግን በተቃራኒው ይፈቱ፤ እንስሳ ከፍታውን ራሱ ያውቀዋል።

የአሸዋ ከረጢት ስለሚባለው ነገር፦ ከቦይ ለሚመለስ ጉልበት የማያልፍ ውኃ ጥሩ ነው፣ ለደቻቱ ግን ምንም አያደርግም። ከሠራችሁት፣ ማዳበሪያውን ግማሽ ብቻ ሙሉት፤ ሞልቶ የታሰረ ከረጢት ክብ ስለሚሆን እርስ በርሱ አይገጥምም። እንደ ጡብ አጠላልፋችሁ ደርድሩ፣ በውኃው በኩል ላስቲክ ሸራ አልብሱት። ከመደርደር በፊት ግን ቦዩን ጥረጉ። የተዛቀው ደለል ከቦዩ ጠርዝ ላይ ከተተወ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል፤ በጋሪ ይወሰድ።

ቦርሳው

አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ፤ ከዚያ ውጭ እያንዳንዱ ልጅ ትንሽ የራሱን። ክብደቱ ከ10 ኪሎ አይብለጥ፣ ምክንያቱም የሚሸከመው ሰው በሌላ እጁ ልጅ ይዟል። ለአምስት ሰው የሚበቃው እንዲህ ነው፦

– ውኃ፦ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ሁለት። ይህ መሰብሰቢያው ድረስና የመጀመሪያው ሌሊት ነው። ለሦስት ቀን የሚሆነው ሌላ ነው፤ በድሬ ሙቀት ለመጠጥ ብቻ በሰው በቀን 4 ሊትር ብትይዙ 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ጀሪካን ይሆናል። ጀሪካን ይዞ መሮጥ አይቻልም፤ ስለዚህ መሰብሰቢያው አጠገብ ያለ ዘመድ ወይም መጠለያው ግቢ አስቀድማችሁ አስቀምጡ።
– በሶ 2 ኪሎ፣ ቆሎ 1 ኪሎ፣ ቴምር ወይም ስኳር ግማሽ ኪሎ። በሶ እሳት አይፈልግም፣ ከዚህ የተሻለ የአደጋ ምግብ የለም። ግን በሙቀት ነቀዝ ቶሎ ይገባዋል፤ በየሁለት ወሩ ብሉትና አዲስ ተኩ። ድርቆሽ መልካም ነው፣ ውኃ ግን ይጠጣል።
– ሕይወት አድን ንጥረ ነገር 6 ፓኬት፣ ፓራሲታሞል፣ ጎዝና ፋሻ፤ በቤቱ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስም ወይም የሌላ ዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ካለ የ7 ቀን።
– የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ትንሽ ሬዲዮ፣ የስልክ ቻርጀር።
– ሽርጥ ሁለት። ጋቢና ቡልኮ ሲርስ አያነሱትም፤ ሽርጥ ግን ልጅ ያሳዝላል፣ ያለብሳል፣ የተሰበረ ክንድ ያንጠለጥላል፣ አራት እጥፍ ሲሆን ድፍርስ ውኃ ያጣራል።
– ሞዴስ፣ ሳሙና፣ ለሕፃን ዳይፐር ወይም ጨርቅ።
– ጥሬ ብር በ10፣ በ50 እና በ100 ዘርዝሮ፤ ቴሌብር ያለ ኔትወርክ ወረቀት እንኳን አይደለም።
– ሰነድ፦ መታወቂያ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የቤት ካርታ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የጤና መድህን ደብተር፣ የባንክ ደብተር። በፌስታል ጠቅልሉ፣ አፉን እጠፉ፣ በሌላ ፌስታል ገልብጣችሁ ክተቱ። የሁሉንም ፎቶ አንሥታችሁ ከከተማ ውጭ ላለ ዘመድ ላኩ።

ጫማ ቦርሳው ውስጥ አይግባ፤ አልጋው ሥር ይደር። ነጠላ ጫማ በጭቃ ውስጥ ይቀራል፣ ከጭቃው በታች ደግሞ ቆርቆሮና ምስማር አለ። ቦርሳው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እንዳይሰቀል፤ መድኃኒቱ በሙቀት ይበላሻል። በር አጠገብ፣ ጥላ ቦታ ይሁን። ኢንሱሊን ያለበት ቤት ከተቻለ በሁለት ማሰሮ መካከል እርጥብ አሸዋ አድርጎ በውስጠኛው ማሰሮ ያስቀምጥ፣ በሌሊቱም ወስዶ ይሂድ፤ እንዲያስታውስ የሚመደብ ሰው ይኑር።

ስልክ፦ ከድሬ ውጭ፣ ሐረር ወይም አዲስ አበባ፣ አንድ ዘመድ ምረጡ። ሁሉም ሰው «ደህና ነኝ፣ እዚህ ነኝ» የሚል አጭር መልእክት ለእሱ ይላክ። ጥሪ ባይሠራም ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ያልፋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ የቀበሌውንና የቅርብ ጤና ጣቢያውን ቁጥር ደግሞ በትልልቁ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ።

ፉጨቱ ሲሰማ

ጫማ፣ ልጅ፣ ቦርሳ፣ ቁልፍ፣ ወደላይ። ቴሌቪዥን የለም፣ ፍሪጅ ማንሳት የለም። የሚፈስ ውኃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ አዋቂን ሰው ሊጥል ይችላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪናን ያንሳፍፋል፤ ባጃጅ ከዚያ የቀለለ ነው። ባጃጅ ሾፌር «አልፋለሁ» ሲል አትሳፈሩ። ድልድይ ላይ ቆሞ ውኃ መመልከት የድሬ የቆየ ልማድ ነው፤ ግንድ ከድልድዩ ሥር ሲሰነቀር ውኃው ከላይ ይዘላል፣ ምሰሶውም ሊሸረሸር ይችላል። ከዳሩ ራቁ።

ውኃው ሲቀንስ አትመለሱ። ወደ ደቻቱ የሚገቡት ጅረቶች በተለያየ ሰዓት ይደርሳሉ፤ የመጀመሪያው ካለፈ በኋላ ሁለተኛው ሊመጣ ይችላል። ቢያንስ እስኪነጋ ቆዩ።

ከጎርፉ በኋላ፦ ውኃ፣ ጭቃ፣ ትንኝ

ቤት ከመግባት በፊት ግድግዳውን ከውጭ ዙሩ፤ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም መሠረቱ የተጋለጠ ካለ አትግቡ። መብራት ኤሌክትሪሽያን ሳያየው አይበራም።

የቧንቧ መስመር ሊሰበር፣ ጉድጓዱና ሮቶው በሽንት ቤት ፍሳሽ ሊበከል ስለሚችል፣ ውኃ ሁሉ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደተበከለ ይቆጠር። ማፍላት ይቻላል፤ አንድ ደቂቃ ተንተክትኮ ይፍላ። ከሰል ከሌለ ውኃ አጋር የተባለው የውኃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ። እሱም ከሌለ በረኪና፦ ሽታ ያልተጨመረበት፣ መለያው ላይ 5 በመቶ የሚል። ለ20 ሊትር ንጹሕ ውኃ 2 ሚሊ ሊትር፤ ከፋርማሲ በሚገዛ ሲሪንጅ መለካት ከጠብታ ቆጠራ ይሻላል። ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ አስቀምጡት ይዝቀጥ፣ በአራት እጥፍ ሽርጥ አጣሩት፣ ከዚያ 4 ሚሊ ሊትር። አማስሉት፣ 30 ደቂቃ ሸፍናችሁ ጠብቁ። ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ካለው ደርሷል፤ ምንም ካልሸተተ አንድ ጊዜ ድገሙትና 15 ደቂቃ ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሮጌ በረኪና ተጠቅሞ ነው፤ በሙቀት ከርሞ ኃይሉን ያጣል። በየወቅቱ አዲስ ግዙ።

ወለሉን መጀመሪያ ጭቃውን ጥረጉ፣ በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅላችሁ አርከፍክፉ። ጭቃ ላይ የፈሰሰ በረኪና ገንዘብ ማባከን ነው። ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አታቀላቅሉት፣ የሚመርዝ ጋዝ ይወጣል።

ተቅማጥ ሲጀምር ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር። ካለቀ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ሲበዛ ሕፃን ይጎዳል፤ ቀምሳችሁ ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ድፉትና እንደገና ሥሩ። ዓይኑ የጎደጎደ፣ የሩዝ ውኃ የመሰለ የሚያስቀምጠው ሰው ካለ ቤት ውስጥ አይታከምም፤ እያጠጣችሁ ወደ ጤና ተቋም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትንኝ ነው፣ እዚህ ላይ የዝግጅቱ ራሱ ጣጣ አለ። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያና ከዚያ በኋላ ቺኩንጉኒያ አይታለች። እነዚህን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በወንዝ ሳይሆን በበርሜል፣ በሮቶና በጀሪካን ነው። በከተማዋ የተገኘችው አዲሷ የወባ ትንኝ፣ ስቴፈንሲ የምትባለው፣ እንዲሁ የቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ትወዳለች። ለጎርፍ ብላችሁ ያጠራቀማችሁት 60 ሊትር ያልተከደነ ከሆነ ወረርሽኝ እያረባችሁ ነው። የጀሪካኑ ክዳን ይጥበቅ፤ በርሜሉ ወንፊት ጨርቅ ተወጥሮበት በላስቲክ ይታሰር። በሳምንት አንድ ቀን ባዶ ይሁንና ውስጡ በብሩሽ ይፈተግ። ማጠብ ብቻ አይበቃም፤ እንቁላሉ ከውኃው መስመር በላይ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ደርቆም ይቆያል። ጎርፉ ያመጣው ጎማ፣ ቆርቆሮና የተሰበረ ሸክላ ውኃ ሳይቋጥር ይገልበጥ።

ድንገተኛ ትኩሳትና መገጣጠሚያን የሚሰብር ሕመም ከመጣ ፓራሲታሞል ብቻ ስጡ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ሕመሙ ደንጊ ከሆነ መድማትን ያባብሳሉ። ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ፣ ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ወይም ትኩሳቱ ከቀነሰ በኋላ ከደከመና ከቀዘቀዘ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርባችሁ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ወንዙ ግን ሞልቶ ከሆነ በራሳችሁ ዳር ወዳለው።